4 የኮሌጅ ሴት ቡድኖች፣ 1 ሜዳ፣ 2 ቀን፦ የሶፍትቦል ውድድሩ እንዴት ይመራ? (ደሴ)

ጠያቂ፦ የጦሳ ልጅ

ሰላም ወገኖች። በጥር ወር ቅዳሜና እሁድ ከደሴና ከኮምቦልቻ ኮሌጆች የተውጣጡ 4 የሴት ቡድኖች የሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል፣ ኳሱ ከታች የሚወረወርበትና በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ዋንጫ ሊጫወቱ ነው። ያለው አንድ የአፈር እግር ኳስ ሜዳ ብቻ ነው። አንዴ መሸነፍ እንዳያስወጣ፣ ሁለቴ የተሸነፈ ብቻ እንዲሰናበት ተስማምተናል። ያከራከረን ፍጻሜው ነው። በአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ አንዴ ተሸንፎ ፍጻሜ የገባ ቡድን ካልተሸነፈው ጋር እኩል ይጀምራል። ሌሎች ግን ሁለቴ ማሸነፍ አለበት ይላሉ። የትኛው ይሻላል? ስንት ጨዋታ እንያዝ? ሜዳውንስ እንዴት እናስምረው?

መላሽ፦ ሰባተኛው ኢኒንግ

አብሽሪ እህቴ፣ ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው። ወርልድ ሲሪሱ ኦክላሆማ ሲቲ ላይ 8 ቡድን ይዞ ይጀምርና አራት አራት ሆነው በሁለት ምድብ ይጫወታሉ። ሁለቴ የተሸነፈ የሚሰናበተው እዚያ ምድብ ውስጥ ነው። ከ2005 ወዲህ ሁለቱ የምድብ አሸናፊዎች ፍጻሜውን ከ3 ጨዋታ 2 ያሸነፈ በሚል ይለያሉ፤ ያኔ የቀድሞው ሽንፈት ይሰረዛል። ኦክላሆማ በ2021 የመጀመሪያ ጨዋታውን በጄምስ ማዲሰን ተሸንፎ፣ በኋላ ያንኑ ቡድን ሁለቴ አሸንፎ ከምድቡ ወጣ። በፍጻሜው ከፍሎሪዳ ስቴት ጋር ሲገናኝ ግን ሁለቱም ከዜሮ ነው የጀመሩት። ዋንጫውንም ወሰደ።

ለእናንተ 4 ቡድን ግን የ3 ጨዋታ ፍጻሜ አይመከርም፣ ሁለት ቀን አይበቃውም። ያልተሸነፈው ቡድን ሁለቴ ካልተሸነፈ ዋንጫው የእሱ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ጨዋታው 6 ወይም 7 ነው። ብዙ አዘጋጅ የሚሳሳተው 6 ብቻ ይዞ ነው። ያልተሸነፈው በ6ኛው ሲረታ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ ሽንፈት ይይዛሉ፤ ያኔ ሜዳው ለሌላ ተለቅቆ፣ የኮምቦልቻው አውቶቡስ ሞተር አስነስቶ ይጠብቃል። 7ኛውን ከዕጣው በፊት በጽሑፍ አስፍሩት፣ ካላስፈለገ ይሰረዛል።

ቅዳሜ 3፡00 እና 4፡45 ሁለቱ የመክፈቻ ጨዋታዎች ይሁኑ። ከ6፡30 እስከ 7፡30 ምሳና የዙህር ሰላት። 7፡30 ላይ ተሸናፊዎቹ ይገናኛሉ፣ እዚህ የተረታ ይሰናበታል። 9፡15 ላይ አሸናፊዎቹ። እሁድ 3፡00 ላይ የ3ኛው ጨዋታ አሸናፊ ከ4ኛው ተሸናፊ፣ 5፡30 ላይ ፍጻሜ፣ ካስፈለገ 8፡30 ላይ 7ኛው። ከፍጻሜ በስተቀር 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ካለፈ አዲስ ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር) አይጀመርም በሉ። ከ5ኛው ኢኒንግ በኋላ የ8 ነጥብ ልዩነት ካለም ጨዋታው ይብቃ።

መላሽ፦ ገመድና ካስማ

ስለ ሜዳው። ሆምን (መቺዋ የምትቆምበትን ቦታ) ከእግር ኳሱ ሜዳ ማዕዘን አጠገብ ትከሉት። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ወርዱ 68 ሜትር ስለሆነ ከሆም 67 ሜትር የሚርቀው የውጭ አጥር ልክ ይገባል። ነገር ግን ሆምን ማዕዘኑ ላይ ብታስቀምጡት የጎሉ ቋሚዎች ፋውል መስመሩ (የጨዋታው የጎን ወሰን) ላይ ይውላሉ። ስለዚህ ከጎሉ መስመር 3 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ግቡና ቋሚዎቹን በስፖንጅ ፍራሽ ጠቅልሉ። ከሆም ጀርባ ቢያንስ 7.62 ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተዘረጋ የደቡብ ምዕራቡን ማዕዘን ምረጡ፣ የጥር የጠዋት ፀሐይ የመቺዋን ዓይን አይወጋም።

አሰማመሩ ገመድ ነው። ከሆም ጫፍ እስከ 2ኛ ቤዝ (ሯጯ የምትረግጠው ማረፊያ) መሃል 25.86 ሜትር ለኩና ሁለቱም ጋ ካስማ ምቱ። 36.58 ሜትር የማይለጠጥ ገመድ አምጡ፣ እኩሌታው ላይ፣ 18.29 ሜትር ላይ፣ ቋጠሩ። ጫፎቹን ከካስማዎቹ አስራችሁ ቋጠሮውን ወደ ቀኝ እስኪወጠር ሳቡት፦ 1ኛ ቤዝ። ወደ ግራ ሳቡት፦ 3ኛ ቤዝ። ሲያልቅ ከ1ኛ እስከ 3ኛም 25.86 መምጣት አለበት፤ ካልመጣ ገመዱ ተለጥጧል። የ1ኛና የ3ኛ ቤዝ ከረጢቶች ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ውስጥ ያርፋሉ።

የፒቸሯ (የኳስ ወርዋሪዋ) ሰሌዳ ከሆም የኋላ ጫፍ እስከ ፊት ጠርዟ 13.11 ሜትር ነው። በዓይን የካሬውን መሃል የሚይዙ አሉ፤ መሃሉ ግን 12.93 ነው። 18 ሴንቲሜትር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ለመቺዋ ኳሱን የምታይበትን ጊዜ ትቀንስባታለች።

መስመሩን በኖራ አታስምሩ። ተንሸራትታ ቤዝ የምትገባ ልጅ ላብ ያለበት ቆዳዋንና ዓይኗን ያቃጥላታል። ጀሶ ይሻላል። ካስማዎቹንም ከጨዋታ በፊት ንቀሉ፣ ወይም አናታቸው ከአፈሩ በታች እስኪሆን ምቱ።

መላሽ፦ ቀኝ ትከሻ

የጊዜ ሰሌዳው ጥሩ ነው፣ ፒቸሮቹን ግን አልቆጠረም። የመጀመሪያ ጨዋታውን የተሸነፈ ቡድን ዋንጫውን ለመውሰድ በሁለት ቀን 5 ጨዋታ ይጫወታል፣ ከነሱም 3ቱ እሁድ ናቸው። ክንድን ሙሉ ዙር አሽከርክሮ ከታች መወርወር ትከሻን አይጎዳም የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ የትከሻውና የክንዱ የፊት ጡንቻ ነው የሚደክመው። በ2025 የወርልድ ሲሪሱ ፍጻሜ ቴክሳስ ቴክ ብዙውን ጫና በፒቸሯ ኒጃሪ ካናዲ ላይ ጥሎ ደርሶ በ3ኛው ጨዋታ ከመጀመሪያው ኢኒንግ በኋላ ቀየራት፤ ዋንጫውን ተጋጣሚው ቴክሳስ ወሰደ። እዚያ ደረጃ ላይ እንዲህ ከሆነ ለጀማሪ ቡድን ቢያንስ 2፣ ቢቻል 3 ፒቸር መመዝገብ ግዴታ ይሁን።

የደሴ ጠዋት በጥር ብርድ ነው፣ ስለዚህ ማሟሟቂያው ረዘም ይበል። ሂጃብ ለሚለብሱ ተጫዋቾች ስፒል የሌለው፣ ከሄልሜት ስር የሚገባ ሂጃብ ይዘጋጅ፤ ስፒሉ ኳስ ሲመታው ይወጋል። 1ኛ ቤዝ ላይ ደግሞ ሁለት እጥፍ ከረጢት አድርጉ፦ ነጩ ለተከላካይዋ፣ ከመስመር ውጭ ያለው ብርቱካናማ ለሯጯ። ግጭት የሚበዛው እዚያ ነው።

ጠያቂ፦ የጦሳ ልጅ

አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። 7ኛው ጨዋታ በደንቡ ገብቷል። አንድ የቀረኝ፦ ያለወቅቱ ዝናብ ቢጥልስ?

መላሽ፦ ሰባተኛው ኢኒንግ

እንደገና አይጀመርም፣ ከቆመበት ይቀጥላል ብላችሁ ጻፉ። መዝጋቢዋ ጨዋታው በቆመባት ቅጽበት ኢኒንጉን፣ የአውቱን (ከጨዋታ የወጡትን) ቁጥር፣ በመቺዋ ላይ የተቆጠረውን ቦልና ስትራይክ (ዳኛው በውርወራዎቹ ላይ የሰጠውን ቆጠራ)፣ ቤዝ ላይ ያሉትን ሯጮችና ቀጣይዋን መቺ ትመዝግብ፤ ሁለቱም አሰልጣኞች እዚያው ይፈርሙ።