«ባዶ ህዋ» ስንል የጎደለው ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ውድ የቃላት ወዳጆች፣ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ስመልስ «የባዶ ህዋ የጉልበት ጥግግት» ከሚል ሐረግ ላይ ደርሼ ቆምኩ። ባዶ ከሆነ ጉልበቱን ከየት አመጣው? «ወና» ወይም «አልቦ» ብል ይሻል ይሆን?

መልስ፦ «ባዶ»ን አይልቀቁት። ቃሉ አንድ የሚጠበቅ ነገር መጉደሉን ይናገራል እንጂ ምንም የለም አይልም። «ባዶ እንጀራ በላሁ» ያለ ሰው እንጀራውን በልቷል፤ የጎደለው ወጡ ነው። በባዶ እግሩ የመጣም እግር አለው። ባዶ ህዋም አቶሙና ብርሃኑ ሁሉ ተጠርጎ የወጣለት ቦታ ሲሆን፣ በኳንተም ፊዚክስ (በደቃቅ ቅንጣቶች ትምህርት) መሠረት መስኮች፣ ማለትም በህዋ ሁሉ ተዘርግተው ብርሃንና ቅንጣቶች የሚነሡባቸው ነገሮች፣ ፈጽሞ አርፈው ስለማይቆሙ ተጠርጎ የማይወጣ ጥቂት ጉልበት ይቀርበታል። «ወና» ሰው ኖሮበት የለቀቀው ቤት ነው፤ ህዋን ማን ለቀቀው? «አልቦ» ደግሞ በግእዝ «የለም» ማለት ስለሆነ ጉልበቱንም አብሮ ይክደዋል።

ሌላ አባል፦ በ«ባዶ» እስማማለሁ፤ ነገር ግን ጋዜጣው ሁሉ «ኃይል» ሲል «ጉልበት» ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ በፊዚክስ ትምህርት «ኃይል» የሚገፋውና የሚስበው ስለሆነ ነው። የሆላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ሄንድሪክ ካሲሚር እ.ኤ.አ. በ1948 የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው ሁለት የብረት ሰሌዳዎች በባዶ ቦታ እጅግ ሲቀራረቡ እንደሚሳሳቡ ከስሌት ተነሥቶ ተናገረ፤ ኋላም በመለኪያ ተረጋገጠ። ያ መሳሳብ ኃይል ነው፤ ስሌቱ የተነሣበት ግን ጉልበት ነውና ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራን አንባቢውን እናደናግራለን።

ዋናው ችግር ያለው መጠኑ ላይ ነው። ጤፍ ነጋዴ ሲመዝን የጆንያውን ክብደት ቀንሶ እንደሚያስብ ሁሉ፣ በቤተ ሙከራም የሚለካው የጉልበት ልዩነት ብቻ ስለሆነ የባዶው ቦታ ድርሻ ከሒሳቡ ይወጣል። በአንስታይን ትምህርት ግን የስበት ሚዛን ጆንያውንም ይመዝናል። መስኮቹን እስከ መጨረሻው ደቃቅ ርቀት ድረስ የደመሩ ሊቃውንት ያገኙት ቁጥር ከታየው በ1 ላይ 120 ያህል ዜሮ ተደርድሮበት የሚበልጥ ነው፤ ድምሩን ቀደም ብለው ቢያቆሙትም ዜሮዎቹ ይቀንሳሉ እንጂ አይጠፉም። የታየው፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1998 ከሩቅ ኮከቦች ፍንዳታ ከታወቀው የዩኒቨርስ መስፋፋት መፍጠን የሚወጣው መጠን፣ በአንድ ሜትር ኩብ ከቢሊዮንኛ ጁል ያነሰ ነው፤ ወደ ቁስ ቢመነዘር የሦስት ወይም የአራት ሃይድሮጂን አቶሞች ክብደት ያህል ይሆናል።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያስ «ጥግግት» ይቆይ ወይስ «እፍግታ» ልበል?

መልስ፦ እኔ ሁለቱንም እጠራጠራለሁ። የተጠጋጋም የታፈገም ነገር ቦታው ሲሰፋ ይላላል፤ ይህ ጉልበት ግን፣ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ ስበት ቀመሩ ያስገባው ቋሚ ቁጥር እርሱ ከሆነ፣ ህዋው የቱንም ያህል ቢሰፋ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ «በአንድ ሜትር ኩብ ባዶ ህዋ ውስጥ ያለው ጉልበት» ብለው ዘርዝረው ይጻፉት፤ ከዚያ ወዲያ «ጥግግት» ቢሉትም አንባቢው አይሳሳትም።