የፊት ግራው ክሪክ ከነቪቴው ተነቀለ፤ ካምፐሩ በሦስት እግር ቆሟል፣ ድረሱልኝ

አውሮራ_80፦
ሰላም ቤተሰብ። ጣሪያው የሚነሳ የ1989 የፒካፕ ካምፐር (ፒካፕ ላይ የሚጫን የጉዞ ቤት) እያደስኩ ነው። ጠዋት በአራቱ ክሪክ ከፍ አድርጌ ፒካፑን አወጣሁ። ቅድም የፊት ግራው ክሪክ የታሰረበት ብረት ከነቪቴው ተነቅሎ መጣ፤ ማዕዘኑ 3 ኢንች ያህል ዘምሟል። ውስጡ ያለው እንጨት በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ነገ ከሰዓት ዝናብ ይጠበቃል፣ ቅዳሜ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ተራራ ልንወጣ ነበር። ረዘም ያለ ቪቴ አስገብቼ በኢፖክሲ (ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ብሞላው ይይዛል? ያበሰበሰው ጣሪያው ሲነሳ ግድግዳ የሚሆነው፣ የሚያፈሰው ሸራ ነው።

አናጢው፦
ቪቴውን ተወውና መጀመሪያ ሰውም ልጅም ወደ ሥሩ እንዳይጠጋ አድርግ። የቆመው አስፋልት ላይ ነው አፈር ላይ? ጣሪያውስ ተነስቷል ወይስ ወርዷል? ተነስቶ ከሆነ ድጋፍ ሳይገባለት ውስጥ ገብተህ እንዳታወርደው።

ድጋፉ እንዲህ ነው። 4በ4 ጣውላ (ትክክለኛ ውፍረቱ 3.5 ኢንች ነው) በ3 ጫማ እየቆረጥክ ሁለት ሁለቱን መስቀለኛ ደርድር፤ አንድ ቁልል ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ወለሉ 38 ኢንች ከፍታ ላይ ከሆነ ለአንድ ቁልል 10 ደርብ ይበቃል፤ በጠቅላላው 40 ቁራጭ፣ ማለትም 10 ባለ 12 ጫማ ጣውላ ግዛ። ከጎን በእጅህ እየገፋህ አስገባ እንጂ ራስህን ከሥሩ አታድርግ። የምትደግፈው ፒካፑ ውስጥ የሚቀመጠውን ወለል ብቻ ነው። በፒካፑ ጎን ላይ የሚያርፉት ክንፎችና ከጋቢናው በላይ የሚወጣው፣ አልጋው ያለበት አፍንጫ ሸክም አይችሉም፣ ይሰበራሉ። የቀረውን ክፍተት በሽብልቅ ዝጋ። ከዚያ ሦስቱን ክሪክ በየተራ ትንሽ ትንሽ እያወረድክ ክብደቱን ቁልሉ ላይ አሳርፍ። አንዱን ብቻ እስከ ታች ካወረድከው ቤቱ ይጣመማል።

ባለኢፖክሲ፦
ቀጭን ማጠንከሪያ ኢፖክሲ አፍስስበት። ነገ ድንጋይ ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጉዞ_ወዳድ፦
ሦስት ጉልቻ ድስት ይሸከማል፣ ካምፐር ግን አራተኛ ይፈልጋል! ወንድሜ፣ ቅዳሜ ድንኳን ይዘህ ውጣ።

ቨርጂኒያ_ሀበሻ፦
ለምን ፒካፑን መልሶ አያስገባበትም? በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

አናጢው፦
አይሆንም። ማዕዘኑ ስለዘመመ የፒካፑን ጎን ይነካዋል፤ ትንሽ ከገፋው ደግሞ ከቀሩት ክሪኮች ላይ ይጥለዋል። ቀጥ ሳይል ፒካፕ አይጠጋም።

ጋሽ_ሚዛን፦
ልጆቼ፣ እንጨቱን ስታዩ ክብደቱን ትረሳላችሁ። በሹፌሩ በር ውስጥ የተለጠፈውን ቢጫና ነጭ ምልክት አንብቡ፤ ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚያ ቁጥር መብለጥ የለበትም። ካምፐሩ ላይ የተጻፈው ክብደት የምትጭነውን ዕቃ ሁሉ አያካትትም። 20 ጋሎን ውሃ ብቻውን 167 ፓውንድ ያህል ነው፤ ባለ 20 ፓውንዱ የጋዝ ሲሊንደር ሲሞላ ከነብረቱ 37 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። እርጥበት የጠጣ ግድግዳ በዚያ ላይ ይጨምራል። ሥራው ሲያልቅ የከባድ መኪና ማረፊያ ሄደህ የፊትና የኋላ አክስሉን ለየብቻ አስመዝን። የሲሊንደሩ አንገት ላይ የታተመውን ወርና ዓመትም እይ፤ ከተሠራ 12 ዓመት ካለፈውና ዳግም ካልተመረመረ መሙላት አይፈቀድም።

አውሮራ_80፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ አስመዝነዋለሁ። አናጢው፣ አስፋልት ላይ ነው፤ ጣሪያውም ወርዶ ተቆልፏል። ጣውላውን ልገዛ እየወጣሁ ነው። ግን ሸራው ነው የሚያፈሰው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጠብታ፦
ሸራው ያፈስ ይሆናል፤ ይህን ማዕዘን የበላው ግን እሱ አይመስለኝም። በሸራው ሥር የገባ ውሃ ፍራሹን ያርሳል፣ በውስጠኛው ኮምፔንሳቶ ላይም ከላይ ወደ ታች ቡናማ መስመር ይተዋል። አለ? ከሌለ በማዕዘኑ የአልሙኒየም ጠርዝ ውስጥ ያለውን የላስቲክ ጥብጣብ ሳበውና ቪቴዎቹን አንድ በአንድ እየፈታህ በቅደም ተከተል አስቀምጥ። የዛገው ቪቴ ውሃው ያለፈበትን ቦታ ይነግርሃል። ከፊት ያሉትን ትንንሽ የምልክት መብራቶችም ፍታ፤ የሽቦው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው፣ ውሃው በሽቦው ተከትሎ ግድግዳው ውስጥ ይወርዳል።

መሮና_ኮላ፦
ቁልሉ ላይ ካረፈልህ በኋላ የውጭውን የአልሙኒየም ላሜራ ከማዕዘኑ 2 ጫማ ያህል ግለጥ። ስቴፕሉን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ አንሳ፣ አትቸኩል፤ ላሜራው አንዴ ከታጠፈ አይቃናም። እንጨቱን በወስፌ እየወጋህ ጠንካራው ጋ እስክትደርስ ሂድ፣ ከዚያም 6 ኢንች አልፈህ ቁረጥ። የቀረውን የእርጥበት መለኪያው ከ15 በመቶ በታች እስኪያሳይ በፋን አድርቅ። በአንድ ሌሊት አይደርቅም፤ ስለዚህ ለነገው ዝናብ ከጣሪያው ጀምሮ በፕላስቲክ ሸራ ሸፍነውና ነፋስ እንዲገባ ከታች ክፍት ተወው።

አዲሱ ሞራሌ ዳግላስ ፈር የሚባለው እንጨት፣ ደረቅና ቀጥ ያለ ይሁን። ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ቢያንስ 12 ኢንች ይደራረብ፣ በፖሊዩሪቴን ኮላና በቪቴ አጥብቀው። ክሪኩ በሚታሰርበት ቦታ ከውስጥ ባለ 3/4 ኢንች ኮምፔንሳቶ ጨምር። ከዚያ በኋላ እዚያ ቦታ ቪቴ አይግባ! 5/16 ኢንች የማይዝግ ቡሎን ግድግዳውን አልፎ ይውጣ፤ ከውስጥ 1/8 ኢንች የአልሙኒየም ሳህን፣ ሮንዴላና ናይለን ያለው ዳዶ። ቪቴ የሚይዘው እንጨት ነክሶ ስለሆነ እንጨቱ ሲለሰልስ ይነቀላል፤ ቡሎንና ሳህን ግን ሸክሙን ለሰፊ ቦታ ያካፍላሉ።

የቡሎኑን ቀዳዳ መጀመሪያ በ1/2 ኢንች ትራፓኖ ቅደደው፣ በወፍራም ኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሃሉን በ5/16 ቅደድ። ወደፊት ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። የኢፖክሲ ቦታ ይሄ ነው፤ የፈረሰና እርጥብ እንጨት ላይ ብታፈስሰው ላዩን ብቻ ያጠነክራል፣ ከሥር ያለው ሸክም አይችልም።

ባለኢፖክሲ፦
እኔ አሁንም ማጠንከሪያውን ቢያፈስስበት እላለሁ። ፈጣን ነው።

ቨርጂኒያ_ሀበሻ፦
ሞራሌውን አረንጓዴውን፣ በመድኃኒት የተነከረውን ቢገዛስ? እሱ አይበሰብስም።

መሮና_ኮላ፦
መድኃኒቱ መዳብ አለበት። እርጥበት ሲያገኝ የነካውን አልሙኒየም ይበላል፤ በጥቂት ዓመት ላሜራው ይበሳሳል። ተራውን እንጨት ገዝቶ ውሃውን መከልከል ይሻላል።

ጠብታ፦
በመከልከሉ ላይ ልጨምር። ሲሊከን ጭራሽ አታስገባ። ኋላ ላይ ሲላቀቅ ቅሪቱ ላይ ሌላ ማሸጊያ አይጣበቅም፣ እንደገና ሲሊከን እንኳ። ከክሪኩ ብረትና ከማዕዘኑ ጠርዝ ሥር 1 ኢንች ስፋት፣ 1/8 ኢንች ውፍረት ያለው ቡቲል ቴፕ (የሚለጠጥ የማሸጊያ ጥብጣብ) አድርግ። እስከ መጨረሻ በአንዴ አታጥብቀው። ፀሐይ መትቶት በማግስቱ ድገመው፣ ወደ ውጭ የወጣውን በፕላስቲክ ቢላ ቁረጥ። ጣሪያው ላይ ያሉትን የቪቴ ራሶች ፈስሶ ራሱን በሚያስተካክል የጣሪያ ማሸጊያ ሸፍን፤ ጎን ላይ ግን የማይፈሰውን ዓይነት ተጠቀም።

ኮምፔንሳቶውን ሳትዘጋ በጎማ ውሃ ሞክረው። ከታች ጀምር፣ እያንዳንዱን ቦታ 10 ደቂቃ አጠጣ፣ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ ይይ። ከላይ ከጀመርክ ሁሉም አንድ ላይ ይረጥብና የቱ እንደሚያፈስ አታውቅም። ሸራውን መጨረሻ ላይ ሞክረው፤ ያኔ ማን ልክ እንደሆነ እናያለን።

አናጢው፦
አውሮራ፣ ቁልሉ ገባ? የቀሩት ሦስት ማዕዘኖችም የተሠሩት በዚያው እንጨት ነው። የእያንዳንዱን ክሪክ አንድ ቪቴ ፍታና ጫፉን እይ፤ እርጥብ ወይም ጥቁር ከሆነ ያኛውንም ላሜራ ግለጥ። አራቱም በቡሎን ሳይታሰሩ ካምፐሩን ከቁልሉ ላይ እንዳታነሳው።