ለእንግዳ የትኛውን ወይን ልግዛ? (ጥቆማ)

መጀመሪያ ምግቡን ንገሩኝ። ጥብስ ከሆነ ሪፍት ቫሊ ሲራ፣ ቀዩን፣ ግዙ። ዶሮ ወጥ ከሆነ ግን አክሱሚት። ምክንያቱ ያለው ወይኑ የበቀለበት ቦታ ላይ ነው።

ሪፍት ቫሊ የዝዋይ ነው፤ አሁን ባቱ የምንላት። አምራቹ የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ያወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው። ዝዋይ ስትወርዱ በረሃ የገባችሁ ይመስላችኋል እንጂ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሲመሽ ደግሞ ነፋሻ ነው። ፀሐዩ ፍሬውን ስኳር ያስይዘዋል፤ ስኳሩ ሲብላላ አልኮል ይሆናል። የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ኮምጠጥ የሚለውን ጣዕም ያቆይለታል። ሌሊቱም እንደ ቀኑ ቢሞቅ ወይኑ ልፍስፍስ ይል ነበር። አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም፤ ለወይን እሰየው ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የፈረንሳይ ወይን ብርድ ሲመጣ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ዝዋይ በረዶ የለ፣ ሐረጉ መቼ ይተኛ? ገርዘውና ውሃ ቀንሰው ነው የሚያስተኙት። መግረዣውንም ሲያሰሉ ሐምሌና ነሐሴን ይፈራሉ፤ ፍሬው ዝናብ ላይ ከበሰለ ሻጋታ ይጨርሰዋል። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ደግሞ እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። የፈረንሳዩ የወይን አገር ቦርዶ ይሄ ጣጣ የለበትም መቼም።

አዋሽ ወይን ጠጅን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጉደር፣ አክሱሚት፣ ክሪስታል። መርቲ ያለው እርሻው ከዝዋይ ዝቅ ይላል፣ ይሞቃልም። ጉደር ደረቅ፣ ማለትም ስኳር የሌለው፣ ቀይ ነው፤ አክሱሚት ጣፋጭ። ጣፋጩን የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቅም። በርበሬ የበዛበት ወጥ ላይ ምላስ የሚያደርቅ ቀይ፣ ለምሳሌ ካቤርኔ፣ ስትጠጡበት አፋችሁ ይነዳል። አክሱሚት ግን ያበርደዋል። ዋጋውም ረከስ ይላል።

ከየት እንደምትገዙ ተጠንቀቁ። አንዴ ከሰፈራችን ግሮሰሪ ሜርሎ የሚባለውን ቀይ ወይን ገዛሁ። ጠርሙሱ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፤ ስይዘው ለብ ብሏል። ቤት ስከፍተው የተቀቀለ ዘቢብ ይሸታል። እንግዶቼ በትህትና ጎንጨት አድርገው ወደ ቢራ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ከኋላ፣ ከጨለማው መደርደሪያ አውጡልኝ እላለሁ። ቀዩንም ቢሆን ከማቅረቤ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገባዋለሁ፤ የኛ ፀሐይ ያበሰለው ወይን ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው።

ነጭ ለጠየቃችሁኝ፦ የሪፍት ቫሊ ቻርዶኔ፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ከቆሮሶ ጥብስ ጋር። ዓሣውም ወይኑም ከአንድ ሐይቅ ዳር ነው የመጡት።