በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሁለት ቢርድድ ድራጎኖች፦ አንዱ አድጎ አንዱ ለምን ቀጨጨ?

የሜሪላንድ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ ከአንድ አርቢ የተገዙ፣ በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሁለት ቢርድድ ድራጎን የሚባሉ ለማዳ እንሽላሊቶች አሏቸው። አሁን አራት ወር ሞልቷቸዋል። ትልቁ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 33 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 105 ግራም ነው። ትንሹ 21 ሴንቲ ሜትርና 34 ግራም ላይ ቀርቷል። ባለ 40 ጋሎን የመስታወት ሣጥን ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ከሥራቸው የተነጠፈው አሸዋ ነው። ክሪኬት የሚባሉ ፌንጣ መሰል ነፍሳት በቀን ሁለቴ እበትንላቸዋለሁ፣ ቆስጣና ሰላጣም ተከትፎ ይቀመጥላቸዋል። የዩቪቢ (ለአጥንታቸው የሚያስፈልገው የማይታይ ጨረር) መብራቱ ከሣጥኑ ጋር የመጣው ጠምዛዛ አምፖል ነው። ትንሹ ብዙ ጊዜ ከትልቁ ሆድ ሥር ተኝቶ ይታያል። ልዩነቱ የዘር ነው የአያያዝ? ትንሹስ ሊደርስበት ይችላል?

ተሳቢ አርቢ፦

እህቴ፣ ዛሬውኑ ለያዪያቸው። ትልቁ ላዩ ላይ የሚወጣው ሙቀቱንና ጨረሩን ለራሱ ለመያዝ እንጂ ወንድሙን ወዶ አይደለም። ከሥር ያለው ሰውነቱ ካልሞቀ የበላው አይፈጭለትም፤ ካልተፈጨለት አይርበውም፤ ካልራበው አይበላም። መጀመሪያ ላይ የሁለትና የሦስት ግራም ልዩነት ብቻ ይሆናል። ከዚያ ትልቁ ክሪኬቱን ቀድሞ ይለቅማል፣ የበለጠ ያድጋል፣ በማግሥቱ ደግሞ የበለጠ ይቀድማል። እነዚህ የመካከለኛው አውስትራሊያ ደረቅ አገር እንስሳት ብቻቸውን መኖር የሚመርጡ ናቸው። ረሃብና ፉክክር ሲገናኙ ጣትና የጅራት ጫፍ ይነካከሳሉ፤ የተቆረጠ ጅራታቸው ደግሞ እንደ ብዙዎቹ እንሽላሊቶች መልሶ አይበቅልም።

መለየት ስል ሁለተኛ ሣጥን፣ ሁለተኛ የሙቀት አምፖል፣ ሁለተኛ ዩቪቢ ማለቴ ነው። ሣጥኖቹ ጎን ለጎን ከሆኑ በመካከላቸው ካርቶን አቁሚ፤ ትልቁን ማየቱ ብቻ ትንሹን ያስጨንቀዋል።

በዚህ ዕድሜ የመሞቂያው ድንጋይ ገጽ ከ40 እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሁን፤ በፋራናይት ከ104 እስከ 109 ማለት ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ 26 አካባቢ ይበቃዋል። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ክብ መለኪያ የድንጋዩን ሙቀት አይነግርሽምና በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ድንጋዩን ራሱን ለኪ።

ጠምዛዛውን አምፖል አስወግጂው፤ ጨረሩ የሚደርሰው ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ያንን ቦታ ደግሞ ትልቁ ይዞታል። ቲ5 ኤችኦ የሚባለውን ረጅም ቱቦ፣ የዩቪቢ መጠኑ 10 ወይም 12 በመቶ የሚለውን፣ የሣጥኑን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚሸፍን ግዢ። ክዳኑ የሽቦ መረብ ከሆነ ሲሶውን ያህል ጨረር ሊያስቀር ስለሚችል ከእንስሳው ጀርባ እስከ ቱቦው 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሁን። በመስኮት የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ መስታወት ዩቪቢን ያግዳል። ቱቦው መብራቱን ቢቀጥልም ጨረሩ ስለሚደክም በዓመት አንዴ ይቀየር።

ምግቡ ላይ፦ ክሪኬቱ ከሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ። ለትንሹ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ መብላት የቻለውን ያህል ስጪው። የተረፈውን ልቀሚ፤ ክሪኬት ሌሊት የተኛ እንሽላሊት ይነክሳል። ፎስፎረስ የሌለበት የካልሲየም ዱቄት በሳምንት አምስት ቀን፣ መልቲቪታሚን አንድ ወይም ሁለት ቀን ክሪኬቱ ላይ ይነስነስ። ቆስጣ ኦክሳሌት ስለሚበዛበት ካልሲየሙን ይዞ ያስቀርበታል፣ ሰላጣው ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። በእነሱ ፋንታ ለወጥ የምንከትፈውን ያንኑ ጎመን ጥሬውን በጥቃቅኑ ከትፈሽ፣ ከተፈቀፈቀ ዱባ ጋር አቅርቢላቸው። አቮካዶ በፍጹም። ልጆቹም በበጋ ምሽት ግቢ ውስጥ የምታበራዋን ጥንዚዛ ይዘው እንዳይሰጡት፤ አንዷ ብቻ ልትገድለው ትችላለች።

የሐኪም ቤት ረዳት፦

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ግን መለየቱ ብቻ በቂ ነው ብለሽ እንዳትጠብቂ። የትንሹን ዓይነ ምድር በዚህ ሳምንት አስመርምሪ። ትኩሱን በፕላስቲክ ከረጢት አድርገሽ፣ በዚያው ቀን ካልወሰድሽው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው፤ በረዶ ቤት ግን አይግባ። የሚፈለጉት በዋናነት ኮክሲዲያና ፒንዎርም የሚባሉት የአንጀት ተውሳኮች ናቸው። ጥቂት ኮክሲዲያ በጤነኛ እንስሳም ሊገኝ ይችላል፤ በተጨነቀና በተጣበበ ላይ ግን ይበዛና የበላውን ሳይጠቀምበት እንዲወጣ ያደርጋል። መድኃኒቱ በክብደት ተሰልቶ የሚሰጥ ስለሆነ 34 ግራም ለሚመዝን እንስሳ በግምት አይሞከርም። በሕክምናው ጊዜ አሸዋው ይውጣ፣ የወጥ ቤት ወረቀት ይነጠፍ፣ በየቀኑም ይቀየር፤ አለበለዚያ ራሱ ያወጣውን ተውሳክ መልሶ ይውጠዋል።

ጣቶቹ የሚንቀጠቀጡ፣ መንጋጋው ሲነካ የሚለሰልስ፣ የኋላ እግሩን የሚጎትት ወይም ሆዱን ከመሬት ማንሳት ያቃተው ከሆነ አጥንቱ ካልሲየም አጥቷል፤ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያኑ ቀን የተሳቢ እንስሳት ሐኪም ይየው። ምርመራው ንጹሕ ሆኖ፣ አያያዙም ተስተካክሎ ክብደት ካልጨመረ ሐኪሙን አታዴኖቫይረስ ስለሚባለው ቫይረስ ጠይቂ፤ በናሙና ይመረመራል። ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ ከአሁኑ የሁለቱን ሳህንና መቆንጠጫ ለያዪ፣ ትልቁን አገልግለሽ ስትጨርሺ ብቻ ወደ ትንሹ ሂጂ፣ በመካከሉም እጅሽን ታጠቢ።

ባለ ሚዛኑ፦

የዘሩን ጥያቄ ልመልስ። ዘር ልዩነት ያመጣል፤ ሲፈለፈሉ ከ10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጀምረው፣ አዋቂዎቹ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ በአብዛኛው ከ300 እስከ 500 ግራም ይደርሳሉ። ትልቅ አካል እንዲኖራቸው ተመርጠው የተዳቀሉ የዘር ሐረጎችም አሉ። ከኩዊንስላንድ የመጣው ሌላው ዝርያ፣ ራንኪንስ ድራጎን የሚባለው፣ ካደገ በኋላም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእናንተዎቹ ግን ወንድማማቾች ናቸው። በወንድማማቾች መካከል የሦስት እጥፍ የክብደት ልዩነት ሲታይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሣጥኑን ነው።

ከጠቅላላው ርዝመት ከግማሽ በላይ ጅራት ስለሆነ፣ ጫፉ የተነከሰ እንስሳ ሳይቀጭጭ አጭር ይመስላል። ከአፍንጫው እስከ ዓይነ ምድር መውጫው ለኪ። ክብደቱን በግራም በሚያነብ የወጥ ቤት ሚዛን፣ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ከመብላቱ በፊት መዝግቢ። ከራሱ ካለፈው ሳምንት ቁጥር ጋር እንጂ ከወንድሙ ጋር አታወዳድሪው። 3 ግራም ከቀነሰ ያ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ያህል ነውና ወደ ሐኪም ሂጂ።

ፈጣኑ እድገት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ይቆማል። አሁን ከተስተካከለለትና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ ብዙውን ያካክሳል፤ ትልቁ ላይ ላይደርስ ግን ይችላል። 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የቆመ፣ ንቁና ጅራቱ ሥር የሞላ እንስሳ ደኅና ነው። ቶሎ እንዲደርስ ብለሽ ዋክስዎርም የሚባለውን ስብ የበዛበት ትል አታብዢበት፤ ስብ ይጨምራል እንጂ አጥንት አያሳድግም።

የሜሪላንድ እናት፦

አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለተኛ ሣጥን ዛሬ ይገዛል። እኩል ሲሆኑ መልሼ ላገናኛቸው እችላለሁ?

ተሳቢ አርቢ፦

አትችዪም። ሁለቱም ወንድ ከሆኑ ለአቅመ መራባት ሲደርሱ ይጣላሉ፤ ወንድና ሴት ከሆኑ ሴቷ ሳትጠነክር እንቁላል ይይዛታል፤ ሁለት ሴቶችም ቢሆኑ አንዷ ሌላዋን ትጫናለች። ለሁለተኛው የሚወጣው ወጪ ለጊዜው የሚባል አይደለምና ሣጥኑን ስትገዢ ለአዋቂ የሚሆነውን፣ ቢያንስ 120 በ60 ሴንቲ ሜትር ወለል ያለውን ምረጪ።