የበረዶ ጠረጋ ሥራ የሠራችሁ፣ ለዊንተር ያዋጣል?

ሻትል_ሾፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው የምኖረው። ክላስ ቢ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አለኝ፣ አሁን ሻትል ባስ ነው የምነዳው። ዊንተር ላይ ሰዓት ስለሚቀንሱብን ለከተማው ወይም ለስቴቱ በሲዝን በረዶ ጠራጊ ልሆን አስቤያለሁ። አንድ የማውቀው ልጅ ደግሞ ከግል ኮንትራክተር ጋር ሥራ፣ በሰዓት የተሻለ ይከፍላሉ ይለኛል። ባለቤቴ በሌሊት መውጣቴን አልወደደችውም፣ ትንንሽ ልጆች አሉን። የቱ ይሻላል? ማስታወቂያውን አንብቤዋለሁ፣ የሠራበት ሰው እንዲነግረኝ ነው የፈለግኩት።

የጨው_መኪና፦
ወንድሜ፣ እኔ ሚኒያፖሊስ ነው የምሠራው። መንዳቱ አያስፈራህ፣ ባስ የነዳ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። የሚከብደው ብዙ ነገር በአንዴ መያዙ ነው። በአንድ እጅህ መሪ፣ በሌላው በረዶ የሚገፋውን የፊቱን ምላጭ፣ የጎኑን ክንፍና የጨው መርጫውን ትቆጣጠራለህ፣ ዓይንህ ደግሞ ዳር ዳሩን የቆሙት መኪኖች ላይ ነው። ምላጩ የማንሆል ክዳን ሲመታ መኪናው በሙሉ ይንዘፈዘፋል። ቀስ ብለህ ከነዳህ ምንም አትሆንም።

ሰው የማያውቀው የጨውን ነገር ነው። ብዙ ከበተንክ መንገዱ ቶሎ የሚጠራ ይመስልሃል፣ ግን አይደለም። መታየት ያለበት የአየሩ ሳይሆን የአስፋልቱ ሙቀት ነው። ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ከወረደ ተራ ጨው ብዙም አይሠራም፣ ያኔ ማግኒዚየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመርበታል፣ ካልሆነም ጎማ እንዳይንሸራተት አሸዋ ይበተናል። በረዶ ከመጣሉ በፊት ደግሞ 23.3 በመቶ ጨው ያለው ውሃ ይረጫል፣ በረዶው አስፋልቱ ላይ እንዳይጣበቅ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ ይበክላል። የበተንነው ሁሉ መጨረሻው ልጆቻችን የሚዋኙበት ሐይቅ ነው፣ እባክህ ከገባህ በልክ በትን።

ሰዓቱን ከጠየቅክ፣ ከተማው ስኖው ኢመርጀንሲ (መንገዱ እንዲጠረግ መኪና ማቆም የሚገደብበት አዋጅ) ሲያውጅ የመጀመሪያው ዙር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ባለቤትህ የፈራችው ሌሊት አይቀርልህም።

ኖርዝ_ቨርጂኒያ፦
እዚህ ስቴቱ ራሱ የግል ኮንትራክተሮችን ያሠራል፣ ሐበሻም በራሱ ትራክ ይገባበታል። የሰዓቱ ክፍያ ሲነግሩህ ደስ ይላል፣ ግን በረዶ ካልጣለ ገንዘብ የለም፣ ኢንሹራንሱና ጥገናው ደግሞ አይቀርልህም። እኔ የሠራሁለት ሰውዬ ክፍያዬን እስከ ሰመር አጓተተብኝ፣ ስልክ ማንሳት ሁሉ ትቶ ነበር። መቼ እንደሚከፈልህ በጽሑፍ ሳትይዝ ቁልፍ እንዳትነካ። ልጆች ካሉህ የመንግሥቱን ያዝ።

የሹፌር_ሚስት፦
ባለቤትህ ስለገባችኝ ነው የምጽፈው። የሚከብደው በረዶው ሳይሆን መጠበቁ ነው። ስልክ ከተደወለ መሄድ ነው፣ ባለቤቴ የእኛ ገና ዕለት ዶሮው ቀርቦ ሳለ ተጠርቶ ወጥቷል። ቀን እንዲተኛ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ጋረድነው፣ ልጆቹም ድምፅ መቀነስ ለመዱ። ከማመልከትህ በፊት በዚያ ሰዓት ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። እሷም የሌሊት ሥራ ካላት በጣም ይከብዳችኋል።

ሻትል_ሾፌር፦
እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ ያንቺን ለባለቤቴ አነበብኩላት፣ እሷ ቀን ነው የምትሠራው፣ እንሞክረው ብላለች። የግሉን ትቼዋለሁ። የጨው መኪና፣ ኤር ብሬክ (በአየር የሚሠራ ፍሬን) ያለው መኪና የመንዳት ፈቃድ አለኝ፣ ታንከር ኢንዶርስመንትም (ፈሳሽ ለመጫን መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚጨመረው) ይጠይቃሉ እንዴ?

የጨው_መኪና፦
እንደ መሥሪያ ቤቱ ነው። የጨው ውሃው ታንክ 1,000 ጋሎንና ከዚያ በላይ ከያዘ ሕጉ ይጠይቅሃል። ፈተናው የጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ከአሁኑ ጨርሰው፣ የሕክምና ካርድህም ጊዜው እንዳያልፍ። በረዶ እስኪጥል አትጠብቅ፣ ሥልጠናው የሚሰጠው ከዚያ በፊት ነው።