ጥቆማ፦ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ በአንድ ቡድን ይሻላል ወይስ ለየብቻ?

የሙሽራ ወንድም፦
ሰላም ለሁላችሁ። የታላቅ እህቴ ሰርግ ደርሷል። ፎቶና ቪዲዮ የሚሠራልንን ሰው የመምረጡ ኃላፊነት እኔ ላይ ወድቋል። ሁለት ምርጫ አለን። አንደኛው ሁለቱንም አጠቃሎ የሚይዝ ቡድን ነው። ዋጋው ቀነስ ይላል፣ ንግግራችንም ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ፎቶ አንሺውንም ቪዲዮ ቀራጩንም ለየብቻ መያዝ ነው። እህቴ የፎቶ አንሺውን ሥራ አይታ በጣም ወዳዋለች። እናታችን ደግሞ "የሰው ድምፅ የሚቀረው በቪዲዮ ነው" ትላለች። ያገባችሁም፣ የዳራችሁም፣ በሥራው ላይ ያላችሁም፣ የቱ ይሻላል? ቀብድ ከመክፈሌ በፊትስ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ደንበኛ ነኝ፦
ወንድሜ፣ አትልፋ። የእኛን ቤተሰብ በሙሉ ያነሳው አንድ ስቱዲዮ ነው። የወላጆቼን ሰርግ ባለቤቱ አነሳ፣ የእኔን ልጁ አነሳ። ፎቶም ቪዲዮም እዚያው ነው። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ስልካቸውን እሰጥሃለሁ።

እኔም ላግባ፦
ጥያቄው አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ ነው እኮ። ግን ስልኩን ለእኔም ላክልኝ 😊

ባለካሜራ፦
በሥራው ላይ ነኝ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር በቂ ሰው መኖሩ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ፎቶም ቪዲዮም አሳምሮ መሥራት አይችልም። ቀለበት ሲጠለቅ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ "አንድ ቡድን" ሲሉህ "በዕለቱ ስንት ሰው ትልካላችሁ?" በል። ለየብቻ ከያዝክ ደግሞ ከሰርጉ በፊት ሁለቱን አገናኛቸው። የማይተዋወቁ ባለሙያዎች ቦታ እየተሻሙ አንዱ በሌላው ፊት ይቆማል። ከዚያ ፎቶህ ላይ የቪዲዮ ቀራጩን ጀርባ ታገኛለህ።

ከናሙናው ይልቅ እኔ የማጠብቀው ሌላ ጥያቄ አለ። "ፎቶውን ካነሳችሁ በኋላ እንዴት ታስቀምጡታላችሁ?" በላቸው። ሁለት ሜሞሪ ካርድ የሚይዙ ካሜራዎች አሉ። አንዱን ፎቶ እዚያው በዚያው ሁለቱም ካርድ ላይ ይጽፋሉ። አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። ማታ ሲገቡ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገለብጡታል ወይ? ያ ዲስክ ቢጠፋ ሌላ ቦታ ቅጂ አለ ወይ? በእኛ ዘንድ የተለመደው ሕግ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱ ከቤት ውጭ ነው። ናሙና ላይ ሁሉም ያምራል። መልሱን ሲያጉተመትም ያየኸውን ሰው ግን ተወው።

ድምፅ አልባ፦
ስለ ቪዲዮ ከተነሳ የእኛን ልንገራችሁ። እስካሁን አልወጣልኝም። አባቴ በሰው ፊት መናገር የማይወድ ሰው ነው። በእህቴ ሰርግ ቀን ማንም ሳይጠይቀው ማይኩን ተቀበለና ተናገረ። እህቴ ስትወለድ እጁ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት አድርሷት በር ላይ ቆሞ እንደቀረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ወንዶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር።

ቪዲዮው ሲመጣ አባቴ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ከላይ ሙዚቃ ተጭኖበታል። ድምፁ የለም! ስንጠይቅ "ድምፁ ጥሩ ስላልነበር ሙዚቃ አደረግንበት" አሉን። ዋናውን ቅጂ ስጡን ብንል ጠፍቷል ተባልን። እህቴ ለቀናት አለቀሰች።

እኔም ላግባ፦
ኧረ! የቱ ቤት ነው? ስሙን ተናገርና ሰው ይጠንቀቅ።

ድምፅ አልባ፦
ስም አልጠራም። ሰዎቹ እዚህ መጥተው መልስ በማይሰጡበት ቦታ ላማቸው አልፈልግም። የሆነውን ብቻ ነው የነገርኳችሁ።

ደንበኛ ነኝ፦
የእኛ ስቱዲዮ እንዲህ አያደርግም። በፍጹም!

ባለካሜራ፦
@ድምፅ አልባ በጣም ያሳዝናል። ምን እንደተፈጠረ ግን ይገባኛል። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ከሩቅ ሲሆን የሚሰማው የወንበር ድምፅና የሰው ሳል ነው። ንግግሩ በሳውንድ ሲስተም እየተላለፈ ስለነበር ከሚክሰሩ (ማይኮቹ ከሚገናኙበት የድምፅ ማስተካከያ) በገመድ ድምፁን መውሰድ ይቻል ነበር። አለዚያ ተናጋሪው አጠገብ ትንሽ መቅጃ ማስቀመጥ ነው። ዋናውን ቅጂ መጣላቸው ግን ምንም ምክንያት አይኖረውም።

ሳውንድ ሠራተኛ፦
ሁሌ ጥፋቱ እኛ ላይ ይጣላል። ቪዲዮ ቀራጩ መጥቶ "ከሚክሰርህ ድምፅ ስጠኝ" ካለኝ እሰጠዋለሁ። ብዙዎቹ ሰርጉ ከተጀመረ በኋላ ገመድ ሳይዙ ነው የሚመጡት። አስቀድሞ ይደወልልን! የማይኩም ባትሪ ከንግግሩ በፊት በአዲስ መቀየር አለበት። ግማሽ የቀረው ባትሪ የሚሞተው አባትየው ሲናገር ነው።

ድምፅ አልባ፦
ታሪኩን ሳልጨርስ አቋረጣችሁኝ። ድምፁ ተገኘ! የአክስቴ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣ በስልኳ ሙሉውን ቀርጻው ነበር። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ የአባቴ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። አንድ ወዳጃችን የስልኩን ድምፅ ከቪዲዮው ምስል ጋር አገጣጠመልን። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲያይ አባቴ አፍሮ ወጥ ቤት ገባ። እህቴ ሄዳ እጁን ይዛ መለሰችው። አሁን እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ትከፍተዋለች።

አክስት ነኝ፦
እሰይ! እሰይ! ልቤ ነው የራሰው። አባትህን ዕድሜ ይስጥልን ልጄ።

መርፌና ክር፦
ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ስለ ካሜራ አላውቅም። ሰርግ ከተባለ ግን ስለ ቬሎው አንድ ነገር ልበል። የልጃችን ሰርግ ጠዋት የቬሎው ዚፕ እስከ ወገብ መጣና ቆመ። መኪናው ውጭ ይጠብቃል። ሚዜዎቹ ከላይ ይጎትታሉ፣ ከታች ይጎትታሉ። አትጎትቱ አልኳቸው። ዚፕ ሲይዝ ሻማ ወይም የእርሳስ ጫፍ ጥርሱ ላይ ይታሸታል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከኋላው እየተከፈተ ከሆነ ደግሞ ተንሸራታቹ ስለሰፋ ነው፣ በፒንሳ ከሁለቱም ጎን በትንሹ ጠበቅ ይደረጋል። የእኛ ግን ጥርሱ ራሱ ረግፎ ነበር። አያቷ መነጽራቸውን አጠለቁና መርፌ ጠየቁ። ሙሽራዋን አቁመው ከጀርባዋ ሰፏት። እየሰፉ ይመርቃሉ፣ ልጅቷ ትስቃለች፣ "አትሳቂ፣ እወጋሻለሁ" ይሏታል። ከዚያ ጠዋት የሚበልጥ ፎቶ የላቸውም።

እኔም ላግባ፦
ማታስ እንዴት ወለቀ?

መርፌና ክር፦
በጥንቃቄ ተተርትሮ ነዋ። ማንም ሰው ቢሆን ነጭ ክር፣ መርፌ፣ መርፌ ቁልፍና ትንሽ መቀስ በአንዲት ቦርሳ ይያዝ። ነጭ ጠመኔም ይጨመር፣ ትንሽ እድፍ ይሸፍናል። የደም ጠብታ ከሆነ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው። ሙቅ ውኃ ከነካው ይጣበቃል።

ኬክ ጋጋሪ፦
ቦርሳው ላይ ከተስማማን ስለ ኬክም ልጨምር። ኬክ በሰው ጭን ላይ አይጓዝም! ጭን ዘንበል ይላል። የመኪናው ደልዳላ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ከሥሩ የማያንሸራትት ነገር ይነጠፍ፣ መኪናው ቀዝቀዝ ይበል። የቅቤ ክሬም ሙቀት አይወድም። ባለብዙ ደርብ ከሆነ ደርቦቹ ለየብቻ ሄደው እዚያው ይደራረቡ። "ማን ያደርሰዋል? ማንስ ይደረድረዋል?" ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ኬኩን የሚያመጣው ከኬክ ጋር ተዋውቆ የማያውቅ የአጎት ልጅ ነው።

የመጨረሻ ወንበር፦
ጠያቂው የጠየቀው ስለ ፎቶና ቪዲዮ ነበር። እስካሁን ዚፕ ጠግነናል፣ ኬክ አጓጉዘናል። ሙሽራው ጫማ ጠበበው የምትሉ ካላችሁ ወረፋ ያዙ።

አክስት ነኝ፦
የወንድሜን ልጅ በእውነት ጠቦት ነበር። ከሚዜው ጋር ተቀያይረው ነው የገቡት።

መርፌና ክር፦
@የመጨረሻ ወንበር ወንድሜ፣ ሰርግ አንድ ቀን ነው። ሁሉም ነገር አብሮ ነው የሚመጣው። ከሰለቸህ እለፈን።

የመጨረሻ ወንበር፦
አልሰለቸኝም። ልጁ መልስ ሳያገኝ እንዳይቀር ብዬ ነው። እኔ ያገባሁት ፎቶና ቪዲዮ ለየብቻ ይዤ ነው፣ ጥሩ ሆነ። ችግሩ ፎቶው ደርሶ ቪዲዮው መዘግየቱ ነበር። የመረከቢያ ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ። ስንት ፎቶ፣ የስንት ደቂቃ ቪዲዮ፣ ዋናው ቅጂ የማን እንደሆነ፣ ፎቶ አንሺው ቢታመም ማን እንደሚተካው ሁሉ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ ሥራው ሲያልቅ ይሁን።

የሙሽራ አጎት፦
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ባለፈው የወንድሜ ሰርግ ላይ ካሜራው ንግግሩ መሃል ቆመ። ቀራጩ "ሞላብኝ" አለ። ካርዱ ግን አልሞላም ነበር። ይህ ምንድን ነው?

ባለካሜራ፦
@የሙሽራ አጎት እርስዎ ያዩት የተለመደ ነገር ነው። ብዙ የቆዩ የፎቶ ካሜራዎች ቪዲዮ ሲቀርጹ 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ በራሳቸው ይቆማሉ። ምክንያቱ የአውሮፓ ኅብረት የቀረጥ ሕግ ነበር። 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። አምራቾቹ ከዚያ በታች ገደቡት። ብዙዎቹ አዳዲሶቹ ይህ ገደብ የለባቸውም። አንዳንዱ ግን ረጅም ሲቀርጽ ሞቆ ይጠፋል። ስለዚህ ለንግግርና ለሥነ ሥርዓቱ ሁለተኛ ካሜራ ቆሞ ይቅረጽ። አንዱ ሲቆም ሌላው ይቀጥላል።

እናትየዋ፦
ልጆች፣ እኔ ጋ የባሰ ነገር አለ። የልጄ ሰርግ ፎቶ ያለበት ካርድ በስህተት ፎርማት ተደረገ ብለውኛል። አልቆለታል?

ባለካሜራ፦
እማማ፣ ተስፋ አይቁረጡ። ዛሬውኑ ካርዱን ከካሜራው ያውጡትና ማንም አዲስ ፎቶ እንዳያነሳበት ያድርጉ። ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ፎቶው የት እንዳለ የሚያሳየው ማውጫ ነው፣ ፎቶው አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ሊኖር ይችላል። የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞች አሉ። ባለሙያ ይሞክረው። የተገኘውንም እዚያው ካርድ ላይ ሳይሆን ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ።

ደንበኛ ነኝ፦
እማማ፣ የእኛ ስቱዲዮ ይመልስልዎታል። ልጁ ኮምፒውተርም ያውቃል።

እናትየዋ፦
ካርዱን ከልጁ ተቀብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ማንም አይነካውም። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

የሙሽራ ወንድም፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ያልጠየቅኩትን ሁሉ ተማርኩ። ሁለቱንም ወገን አነጋገርኩ። አንደኛው ስለ ካርዶቹ ስጠይቀው ካሜራውን ከፍቶ ሁለቱንም አሳየኝ። ሌላኛው "እስካሁን ጠፍቶብን አያውቅም" አለኝ። ሥራው ግን በጣም ያምራል፣ እህቴም እሱን ነው የምትፈልገው። እናቴ የአባትየውን ታሪክ ሳነብላት አለቀሰችና "ድምፁን አደራ" አለችኝ። አንድ ነገር ግን አልተነሳም። ፎቶው የሚነሳው ደጅ ነው። ቢዘንብስ?

ድምፅ አልባ፦
ዝናቡን ተወውና የትኛውን ያዛችሁ?

ባለካሜራ፦
ዝናብ ፎቶ አያበላሽም። የደመና ብርሃን ለፊት ለስላሳ ነው፣ ከቀትር ፀሐይ በጣም ይሻላል። ጃንጥላው ግን ነጭ ወይም አሳልፎ የሚያሳይ ይሁን። ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ ፊቷ ላይ ያርፋል። ሁለት ሦስት ይኑራችሁ፣ ለሚዜዎቹም ጭምር። በአቅራቢያው ጣሪያ ያለው በረንዳም አስቀድማችሁ እዩ።

አክስት ነኝ፦
አሳልፎ የሚያሳየው ጃንጥላ ለሁለት ሰው ይበቃል ወይ? ቬሎው ሰፊ ነው።

መርፌና ክር፦
እትዬ፣ ለቬሎው አይበቃም። ጃንጥላው ለፊቷና ለፀጉሯ ይሁን። የቀሚሱን ጫፍ ሚዜዋ ከኋላ አንስታ ትያዝላት፣ ከሥር ፕላስቲክ ይነጠፍ። ረጥቦም ከሆነ በፎጣ ተጫኑት እንጂ አትሹት።