«በልቻለሁ» ጨዋነት ነው ውሸት?

የናቲ እናት፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ «ጨዋ ልጅ ጓደኛው ቤት አይበላም፤ ብላ ሲሉት በልቻለሁ ይበል» የሚል ምክር ተጽፎ አየሁና በጣም ተናደድኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሲሯሯጥ የዋለ ልጅ ሆዱ እየጮኸ በልቻለሁ ካለ ዋሸ እኮ ነው! እጁን ታጥቦ፣ ከፊት ከፊቱ በልቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይነሳ።

የቤቲ አባት፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልመለስበትም። ውሸት ሳይሆን ይሉኝታ ነው። የቤቱ እናት እንጀራዋን ለልጆቿ ቆጥራ አስቀምጣ ይሆናል። «በሞቴ» ካለች ያኔ ይቀመጣል። ገና «ና ብላ» ሲባል ዘሎ የሚቀርበውን ቀላዋጭ ነው የሚሉት።

የናቲ እናት፦ «በሞቴ» ካልተባለስ? ዛሬ ልጅ የሚለምን ቤት ስንት ነው? በልቻለሁ ካለ «እሺ» ይባልና የሌላውን አፍ እያየ ይቆማል። ቅልውጥና የሚመስለው እሱ ነው።

የሒክማ እናት፦ አንድ ነገር ረስታችኋል። የኛ ልጆች የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፣ የእናንተም የኛን። በልቻለሁ የሚል ልጅ ምክንያቱ ስለማይታወቅ «ይቺን ብቻ» ተብሎ ይጎርሳል። ጉርሻው አፉ ድረስ ከመጣ የ6 ዓመት ልጅ እምቢ ማለት ያቅተዋል። «ሥጋ አልበላም፣ ሽሮ ካለ እበላለሁ» ማለትን ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ አለማምዱት።

የቤቲ አባት፦ «ሽሮ ካለ»? ልጅ ሰው ቤት ሄዶ ወጥ ያማርጣል? ይሄማ ከሁሉም የባሰ ነው።

የሒክማ እናት፦ ማማረጥ ሳይሆን ሃይማኖት ነው። ትምህርት ተዘግቶ ልጆች ቤት ለቤት የሚውሉት ክረምት ነው፤ ፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 እዚያው ውስጥ ነች። የሚጾም ልጅ መጥቶ ወተት ብቀዳለት ምን ይበለኝ?

የቤቲ አባት፦ «ጾም ነኝ» ይበላ። እሱ ሌላ ነው።

የናቲ እናት፦ ታዲያ እውነቱን ተናገረ! በልቻለሁ የት ሄደ?

ነርሷ፦ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅም አለ፤ እናቱ ቀድማ ደውላ ትናገር። ከ5 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ኦቾሎኒ ያለበት ቆሎ ባታቀርቡ ይሻላል። እየሳቁና እየሮጡ ሲቅሙት ወደ አየር ቧንቧ ይገባል።

እማማ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ምግቡ አይደለም። ሳያስፈቅዱ ፍሪጅ መክፈት፣ መኝታ ቤት መግባት፣ በጫማ ሶፋ ላይ መዝለል! ጫማ በር ላይ ይውለቅ፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሱ። ሊሄዱ 10 ደቂቃ ሲቀራቸው መጫወቻውን ሰብስቡ በሏቸው። እናት በር ላይ ቆማ ከተጣራች በኋላ ሁሉም ጫማውን ፍለጋ ስለሚሯሯጥ የሚሰበስብ የለም።

የናቲ እናት፦ ልክ ነዎት እማማ። ሲያጠፋስ ማን ይቆጣው?

የቤቲ አባት፦ የቤቱ እናት ናታ! የጎረቤት ልጅ የሁሉም ልጅ ነው።

የሒክማ እናት፦ ትቆጣው፤ አትቆንጥጠው።

የቤቲ አባት፦ ቁንጥጫ ማን አነሳ? እኔ ያልኩት አንዴ «በልቻለሁ» ይበል፣ ከዚያ ይብላ ነው።

የናቲ እናት፦ ትናንት የጻፉት እኮ «አይበላም» ነው። ወደ ላይ ወጥተው ያንብቡት።